የሲሸልስ ብሔራዊ በዓል፦ ስለ ሦስቱ የጁን ቀኖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲሸልስ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ነጭ አሸዋና የሙሽሮች ፎቶ ነው። እኔን የሳበኝ ግን ካላንደሯ ነው። በጁን ወር ውስጥ ሦስት ቀኖች አሉ፦ 5፣ 18 እና 29። ሦስቱም በየዘመናቸው ትልቅ የመንግሥት በዓል ነበሩ። እያንዳንዱ ቀን ከጀርባው አንድ ወገን ያሸነፈበት፣ ሌላው የተሸነፈበት ታሪክ አለው። ስለዚህ ጉዳይ በጻፍኩ ቁጥር ተመሳሳይ ጥያቄዎች ስለሚመጡልኝ መልሶቹን እዚህ አንድ ላይ አስቀምጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ያስፈልጋል ባልኩበት ቦታ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼዋለሁ።

የሲሸልስ ብሔራዊ በዓል መቼ ነው?

ጁን 29። በእኛ ሰኔ 22 ቀን መሆኑ ነው። አገሪቱ በ1976 ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ነፃ የወጣችበት ቀን ነው። ይሁን እንጂ "ብሔራዊ ቀን" የሚለውን ስም ያገኘው በ2015 ነው። ነፃነት በተገኘ በ39ኛው ዓመት ማለት ነው። ሌሎች ብዙ አገሮች ነፃ የወጡበትን ቀን ወዲያው ብሔራዊ በዓል አድርገውታል። ሲሸልስ አርባ ዓመት ሊሞላ ሲል ለምን እንደዘገየች ከታች ያለው ይናገራል።

ታዲያ ሁለቱ ሌሎች ቀኖች ምንድን ናቸው?

ጁን 5 (ግንቦት 28) የ1977ቱ መፈንቅለ መንግሥት ቀን ነው። ያደረጉት ሰዎች "የአርነት ቀን" ብለው ሰየሙት። በአንድ ፓርቲ ዘመን የአገሪቱ ትልቅ በዓል እሱ ነበር። ጁን 18 (ሰኔ 11) ደግሞ በ1993 ሕዝቡ አሁን ያለውን ሕገ መንግሥት በድምፁ ያጸደቀበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ብሔራዊ ቀን ሆኖ ቆየ። ዛሬ "የሕገ መንግሥት ቀን" ተብሎ ይከበራል፤ አሁንም ሥራ ዝግ ነው። ጁን 5 ግን ከበዓላት ዝርዝር ወጥቷል።

አገሪቱ ከነፃነት በፊት የማን ነበረች?

መጀመሪያ የማንም አልነበረችም። ደሴቶቹ ላይ ሰው አይኖርም ነበር። ይሄ ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ለፖለቲካዋ ግን ትልቅ ቁም ነገር ነው። ፈረንሳዮች በ1756 ማሄ ደሴት ላይ የባለቤትነት ድንጋይ ተከሉ። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች የመጡት በ1770 ነው። ቁጥራቸው 30 አይሞላም፤ ከመሃላቸውም ባሪያ ሆነው የመጡ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በዋናነት ከምሥራቅ አፍሪካና ከማዳጋስካር በባርነት የተጋዙ ሰዎች መጡ። ከሕንድና ከቻይናም የመጡ አሉ። የዛሬው ሲሸልሳዊ የነዚህ ሁሉ ልጅ ነው። ክሪዮል የሚባለው ቋንቋም እዚያው ተወለደ።

እንግሊዝና ፈረንሳይ ሲዋጉ የደሴቶቹ ፈረንሳዊ አስተዳዳሪ ኬንሲ ይባሉ ነበር። የእንግሊዝ መርከብ ሲመጣ እጅ ይሰጣሉ፤ መርከቡ ሲሄድ የፈረንሳይን ባንዲራ መልሰው ይሰቅላሉ። አንዴም ሁለቴም አይደለም፤ ደጋግመው እንዲህ አድርገዋል። መድፍም ወታደርም የሌላት ትንሽ ደሴት ሰዎቿን የምታተርፈው እንደዚህ ነው ብዬ አስባለሁ። በ1814 በፓሪስ ውል ደሴቶቹ የእንግሊዝ ሆኑ። ረጅም ጊዜ በሞሪሺየስ ሥር ከተዳደሩ በኋላ በ1903 ለብቻቸው ቅኝ ግዛት ሆኑ። ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ መሃል የቆመው ትንሹ የሰዓት ማማ የዚያ ዓመት ነው። ከመንገድ መጋጠሚያው ላይ በብርማ ቀለሙ ቆሞ ዛሬም ከተማዋን ይጠብቃል።

ነፃነትን ማን ፈለገ? ማን አልፈለገም?

አብዛኛው አፍሪካ ውስጥ ጥያቄው "መቼ ይሂዱልን?" ነበር። ሲሸልስ ውስጥ ግን ገና "ይሂዱ ወይስ ይቆዩ?" የሚለው ላይ ነበሩ።

በ1964 ሁለት ፓርቲዎች ተመሠረቱ። የዴሞክራቲክ ፓርቲው መሪ ጄምስ ማንቻም ነበሩ። የሕዝቦች አንድነት ፓርቲው መሪ ደግሞ ፍራንስ አልቤር ረኔ። ሁለቱም ጠበቆች ናቸው፤ ሁለቱም ሕግ የተማሩት ለንደን ነው። ማንቻም ከሰው ተግባቢ፣ ግጥም የሚወዱ፣ ሳቂታ ሰው ነበሩ። ረኔ ወጣት ሳሉ ቄስ ሊሆኑ ስዊዘርላንድ ሄደው ነበር፤ ኋላ ላይ ሶሻሊስት ሆነው ተመለሱ።

ማንቻም "ከእንግሊዝ ጋር እንዋሃድ" ይሉ ነበር። ክርክራቸውን ከንቀት ሳይሆን ከፍርሃት ጋር ነው ማየት ያለብን። ሕዝቡ 60 ሺህ ቢሆን ነው። ያኔ ሠራዊት የለም፣ ፋብሪካ የለም፤ ያለው ኮፕራ (የደረቀ ኮኮናት)፣ ቀረፋና ዓሣ ነው። ረኔ በበኩላቸው ያለ ነፃነት ሠራተኛው መሬትም ክብርም አያገኝም ብለው ተከራከሩ። መሬቱ በጥቂት ትልልቅ ቤተሰቦች እጅ ስለነበር ይህ ቃል የሰውን ልብ ነካ።

ነገሩን ያወሳሰበ አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። በ1965 እንግሊዝ አልዳብራ፣ ዴሮሽና ፋርካር የተባሉትን ደሴቶች ከሲሸልስ ቆርጣ ወሰደች። ከሞሪሺየስ ደግሞ የቻጎስን ደሴቶች ወሰደች። ሁሉንም አንድ ላይ አድርጋ ለወታደራዊ ዓላማ የሚሆን አዲስ ግዛት መሠረተች። ለሲሸልስ የተሰጠው ካሳ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። በ1971 ሥራ ጀመረ። እስከዚያ ድረስ አገሪቱ የምትደረሰው በመርከብ ነበር። አውሮፕላን ሲያርፍ ቱሪስት መጣ፣ ብር መጣ፣ ሆቴል መጣ። "ብቻችንን መቆም እንችላለን" የሚለው ሐሳብም አብሮ መጣ። ሦስቱ ደሴቶች በነፃነቱ ዕለት ተመለሱ።

ማንቻም ሐሳባቸውን የቀየሩት ለምንድን ነው?

እንግሊዝ ራሷ ውህደቱን አልፈለገችም። ቅኝ ግዛቶቿን እያራገፈች ሳለ አዲስ አባል የማስገባት አምሮት አልነበራትም። በሌላ በኩል የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የረኔን ፓርቲ የነፃነት ንቅናቄ አድርጎ ተቀበለ። የኛ አዲስ አበባ እዚህ ታሪክ ውስጥ የምትገባው በዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው ድርጅት ማንን እንደሚያውቅና ማንን እንደማያውቅ ለትንሽ ደሴት ፖለቲከኛ ትልቅ ጉዳይ ነበር። ማንቻም በአህጉሩ ዘንድ ብቻቸውን ቀሩ። ሲጨንቃቸው እሳቸውም ነፃነትን የፓርቲያቸው አቋም አደረጉ።

በ1974 ምርጫ ተደረገ። የማንቻም ፓርቲ ከ15 መቀመጫ 13ቱን ወሰደ፤ ለረኔ ሁለት ቀረ። ድምፁ ሲቆጠር ግን ልዩነቱ ጠባብ ነበር፤ 52 ከመቶ ለ47 ከመቶ አካባቢ። በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ወገን መቀመጫውን የሚወስድበት ሥርዓት ግማሽ የሚጠጋውን ሕዝብ በሁለት ሰው አስወከለው። እኔ የ1977ቱን ነገር ለማስረዳት ሁሌ የምጀምረው ከዚህ ቁጥር ነው። ለመፈንቅለ መንግሥት ሰበብ አይሆንም። ግን ቁጣው ከየት እንደመጣ ያሳያል።

ጁን 29 ቀን 1976 ምን ሆነ?

ሆድና ጀርባ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ተጣምረው መንግሥት መሠረቱ። ማንቻም ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ ረኔ ጠቅላይ ሚኒስትር። የእንግሊዝ ባንዲራ ወረደ። አዲሱ ባንዲራ ነጭ ሰያፍ መስቀል ያለፈበት ሰማያዊና ቀይ ነበር፤ ለሁለቱ ፓርቲዎች የተስማማ።

ይህ ጥምረት አንድ ዓመት እንኳ አልቆየም።

ጁን 5 ቀን 1977 ምን ተፈጠረ?

ማንቻም ለንደን ነበሩ። የጋራ ብልጽግና አገሮች ጉባኤ ነበር፤ ንግሥት ኤልሳቤጥም የነገሡበትን 25ኛ ዓመት እያከበሩ ነው። ከአገር ከወጡ ገና ቀናት ነው። ሌሊቱን 60 ገደማ የሚሆኑ የረኔ ደጋፊዎች ማሄ ደሴት ላይ የፖሊስን የመሣሪያ ማከማቻ ያዙ። የተወሰኑት ታንዛኒያ ውስጥ የሠለጠኑ ናቸው። ሠራዊት የሌላት አገር ናት፤ የፖሊስን መሣሪያ የያዘ አገሩን ያዘ። ጥቂት ሰዎች ሞቱ። ሲነጋ ነገሩ አልቋል።

ረኔ መጀመሪያ ላይ "ስለ ጉዳዩ አላውቅም ነበር" አሉ። ያም ሆኖ ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። መፈንቅለ መንግሥቱን የደገፉት ሰዎች ማንቻም በ1979 የሚደረገውን ምርጫ ሊያራዝሙ ነበር ብለው ከሰሱ። ብዙም ሳይቆይ የታንዛኒያ ወታደሮች አዲሱን መንግሥት ሊጠብቁ መጡ። ማንቻም ከዚያ ቀን ጀምሮ 15 ዓመት በስደት ኖሩ።

በ1979 አዲስ ሕገ መንግሥት ወጣ፤ አገሪቱ በሕግ የአንድ ፓርቲ ሆነች። ረኔ በ1979፣ በ1984 እና በ1989 ብቻቸውን ተወዳድረው ብቻቸውን አሸነፉ።

"የአርነት ቀን" የሚለው ስም ለምን ያጨቃጭቃል?

ከማን ነው አርነት የወጣነው የሚለው ስለሚነሳ ነው። እንግሊዝ ከሄደች ዓመት ሆኗታል። "አርነት" የሚለው ቃል ጁን 29ን ወደ ታች ይገፋል፤ "ያ በወረቀት ላይ ነበር፣ እውነተኛው ይሄ ነው" የሚል ትርጉም አለው። የነፃነት ቀን ጨርሶ አልተሰረዘም። ግን በጁን 5 ጥላ ሥር ወደቀ። ሰልፉም፣ ንግግሩም፣ ሐውልቱም ለጁን 5 ሆነ። በቪክቶሪያ አደባባይ ሰንሰለት የሚበጥስ ሰው ሐውልት ቆመ፤ ስሙ በክሪዮል "ዞንም ሊብ" ነው፣ ነፃ ሰው ማለት። በኋላ ከቦታው ተነስቷል። መስከረም 2ንም ግንቦት 20ንም ያየ የኛ ሰው ይሄን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የረኔ ዘመን ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ?

ይህን ጥያቄ በአንድ ቃል መልሱልኝ የሚሉ ሰዎች አሉ። አልችልም። ከልቤ ነው፤ ሁለቱንም ወገን ስሰማ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ።

ትምህርት ነፃ ሆነ። ሕክምና ነፃ ሆነ። ጡረታና ማኅበራዊ ዋስትና ተዘረጋ። የአትክልት ሠራተኛ ልጅ ሐኪም ቤት ገብቶ የሚታከምበት፣ ትምህርት ቤት ገብቶ የሚማርበት አገር ሆነ። ክሪዮል በ1981 ብሔራዊ ቋንቋ ተባለ፤ ወዲያው ትምህርት ቤት ገባ። ልጆች እናታቸው በምታወራው ቋንቋ ፊደል መቁጠር ጀመሩ። ይህን ቀላል ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው በቤቱ ቋንቋ እንዳይማር የተደረገ ልጅ አላየም። ዛሬ ሲሸልስ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ በኑሮ ደረጃ ከፊት ከሚሰለፉት አንዷ ናት፤ የዚያ መሠረት በከፊል ያኔ የተጣለ ነው።

በሌላ በኩል መሬትና ቤት ተወርሷል። ሰው ያለ ፍርድ ታስሯል። ወጥተው ያልተመለሱ፣ የት እንደገቡ ያልታወቁ ሰዎች አሉ። ብዙ ቤተሰብ ተሰዷል። ወጣቶችን ከቤተሰብ አርቆ በካምፕ የሚያስተምር የብሔራዊ አገልግሎት ሐሳብ ሲመጣ በ1979 ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። አገልግሎቱ ግን ኋላ ላይ ተጀመረ። በኖቬምበር 1985 በስደት የተቃዋሚዎች መሪ የነበሩት ጄራር ሁዋሮ ለንደን ውስጥ በራቸው ላይ በጥይት ተገደሉ።

የነፃ ትምህርቱን የበላ ሰው አንድ ነገር ይላል። አባቱ ያልተመለሰለት ሰው ሌላ ይላል። ሁለቱም ግን አንዲት ከተማ ውስጥ፣ አንድ ገበያ ይገናኛሉ። የአገሪቱ ሕዝብ ዛሬም ከ100 ሺህ ብዙም አይርቅም። መሸሻ የለም።

በ1981 ቅጥረኛ ወታደሮች ቱሪስት መስለው ገቡ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ፊልም የሚመስል ግን የሆነ ነገር ነው። ማይክ ሆር የሚባል፣ በኮንጎ ጦርነት ስሙ የገነነ ቅጥረኛ 40 ከሚበልጡ ሰዎች ጋር በኖቬምበር 25 ቀን 1981 ማሄ አረፈ። ረኔን አውርዶ ማንቻምን ለመመለስ ነው። የቢራ ጠጪዎች ማኅበር ነን ብለው ነበር የመጡት። ሻንጣዎቻቸው ላይኛው ክፍል ለሕፃናት የሚሰጥ አሻንጉሊት ነው፤ ከሥር የተሠራ ስውር ወለል አለ፣ እዚያ ውስጥ ክላሽንኮቭ።

አብዛኞቹ አልፈው ነበር። መጨረሻ ላይ አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ አንዱን ሻንጣ ፈተሸና እጁ ብረት ነካ። ተኩስ ተከፈተ። አውሮፕላን ማረፊያው የጦር ሜዳ ሆነ። በዚህ መሃል የሕንዱ አየር መንገድ የኤር ኢንዲያ ቦይንግ መንገደኞቹን እንደያዘ አረፈ። ቅጥረኞቹ አውሮፕላኑን ጠልፈው ወደ ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ ሸሹ። አብዛኛው ሰው በሆር ድፍረት ይደነቃል። እኔ የማስበው ያንን የጉምሩክ ሠራተኛ ነው። የተለመደ የሥራ ቀኑ ነበር፤ ሻንጣ ከፍቶ ዘጋ፣ ከፍቶ ዘጋ። ያንን አንዱን ሳይከፍት ቢያሳልፈው ኖሮ ምናልባት ዛሬ ሌላ ቀን በዓል በሆነ ነበር።

ክስተቱ ግን ለረኔ መንግሥት ማጠናከሪያም ሆነው። "ጠላት በሩ ላይ ነው" የሚለው ቃል ማስረጃ አገኘ። ቁጥጥሩ ጠበቀ። በ1982 ራሱ ሠራዊቱ ውስጥ አመፅ ተነሳ፤ እሱም በታንዛኒያ ወታደሮች እርዳታ ታፈነ።

ጁን 18 ከየት መጣ?

የቀዝቃዛው ጦርነት ሲያልቅ የአንድ ፓርቲ መንግሥታት ድጋፍ አጡ። በዲሴምበር 1991 ረኔ የብዙ ፓርቲ ሥርዓት እንደሚመለስ አስታወቁ። ማንቻም በኤፕሪል 1992 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሕገ መንግሥት የሚያረቅ ኮሚሽን በምርጫ ተቋቋመ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ሆነ። የመጀመሪያው ረቂቅ በኖቬምበር 1992 ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ። ከመራጮች 53.7 ከመቶው "ይሁን" አለ። ግማሽ አልፏል። ግን ሕጉ 60 ከመቶ ይጠይቅ ስለነበር ወደቀ። ገዥው ፓርቲ ብቻውን የሚፈልገውን ሊያሳልፍ አልቻለም። ስለዚህ ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። ከተቃዋሚዎቹ ጋር መነጋገር የግድ ሆነ። ሁለተኛው ረቂቅ ጁን 18 ቀን 1993 ቀረበና 73.9 ከመቶ ድምፅ አገኘ።

ያ 60 ከመቶ ባይኖር ኖሮ የዛሬው ሕገ መንግሥት የአንድ ወገን ሰነድ ይሆን ነበር። ስለ ሕገ መንግሥት አጻጻፍ የሚያስብ ሰው ሁሉ ይህንን ቁጥር ቢያስታውሰው ደስ ይለኛል።

በቀጣዩ ወር ምርጫ ተደረገ። ረኔ 59.5 ከመቶ አግኝተው አሸነፉ፤ ማንቻም ሁለተኛ ሆኑ። ጁን 18 ብሔራዊ ቀን ተባለ። ጁን 5ም "የአርነት ቀን" እንደሆነ በበዓልነቱ ቀጠለ። ሰዎች እነዚያን ዓመታት ሲያስታውሱ "ጁን ሙሉ በዓል ነበር" የሚሉት ለዚህ ነው።

በ2015 ለምን ተቀየረ?

በፕሬዚዳንት ጄምስ ሚሼል ዘመን ነው። ሚሼል የረኔ ምክትልና ተተኪ ነበሩ፤ ፓርቲውም ያው የረኔ ፓርቲ ነው፣ ስሙ ብቻ ተቀይሯል። ጁን 5ን ከበዓላት ዝርዝር ያወጡት እነሱው ናቸው። ይሄ ነው ቁም ነገሩ። ተቃዋሚ ሥልጣን ይዞ "የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ" ቢል ማንም አይደነቅም ነበር። እዚህ ግን ባለ በዓሉ ራሱ በዓሉን አነሳ።

ምክንያቱ አንድነት ነው ተባለ። እኔም የምቀበለው ነው። ጁን 5 የአገሪቱን ግማሽ የሚያስለቅስ ቀን ነበር። ጁን 18 ደግሞ ማንንም አያስለቅስም፤ ግን ልብም አያሞቅም። የሕግ ሰነድ የጸደቀበት ቀን ነው። ጁን 29 ሁለቱም ወገኖች የነበሩበት ብቸኛ ቀን ነው። ማንቻምና ረኔ በዚያ ምሽት አብረው ቆመዋል።

ፖለቲካዊ ስሌትም አልጠፋበትም። የገዥው ፓርቲ ጉልበት እየሳሳ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሚሼል በሁለተኛ ዙር ያሸነፉት በ193 ድምፅ ልዩነት ብቻ ነው። 193! አንድ የሠርግ ድንኳን የሚይዘው ሰው ማለት ነው።

ባንዲራው ስንት ጊዜ ተቀየረ?

ከነፃነት ወዲህ ሦስት ባንዲራ ተሰቅሏል። የመጀመሪያው አንድ ዓመት ኖሮ ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ ወረደ። ሁለተኛው የረኔን ፓርቲ ቀለሞች የያዘ ነበር፤ ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ። አሁን ያለው በ1996 ነው የመጣው። ከታች ግራ ጥግ ላይ አምስት ቀለሞች እንደ ፀሐይ ጨረር ይዘረጋሉ፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ። መንግሥት ለእያንዳንዱ ቀለም ትርጉም ሰጥቶታል፤ ሰማይና ባሕር፣ ፀሐይ፣ ሕዝብ፣ ፍትሕ፣ መሬት። ሲሸልሳውያን ግን ሌላም ያነቡበታል። ሰማያዊና ቢጫው የማንቻም ፓርቲ ነው፤ ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴው የረኔ። ሁለቱ ጠላቶች አንድ ጨርቅ ላይ ተሰፍተዋል። በዚያው ዓመት የመጣው ብሔራዊ መዝሙር ስሙ "ኮስቴ ሴሴልዋ" ነው፤ "ሲሸልሳውያን፣ ተባበሩ" እንደማለት።

ጁን 5 ከካላንደር ሲወጣ ተጎጂዎቹስ?

ካላንደር መቀየር ቁስል አያድንም። ይህን መንግሥትም ኋላ ላይ ተቀብሎታል። የእውነት፣ የዕርቅና የብሔራዊ አንድነት ኮሚሽን ተቋቁሞ ከ2019 ጀምሮ አቤቱታ ሰምቷል። የታፈኑ፣ የተገደሉ፣ ቤታቸው የተወረሰ፣ ሥራ የተነፈጉ፣ አገር ጥለው የወጡ ሰዎች ተናገሩ። ምስክርነቱ በሕዝብ ፊት ይሰጥ ነበር። አርባ ዓመት ያላወሩት ነገር ነው። በዚህች ትንሽ አገር ውስጥ ተናጋሪውና የተወቀሰው ሰው የአንድ ሰፈር ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ መናገሩ ራሱ ትልቅ ድፍረት ነው። ኮሚሽኑ ሪፖርቱን በ2023 አስረክቧል።

ረኔ ይህንን አላዩም። በፌብሩዋሪ 2019 አረፉ። ማንቻም ከሳቸው ሁለት ዓመት ቀድመው በጃንዋሪ 2017 አርፈዋል። ማንቻም ከስደት ከተመለሱ በኋላ የዕርቅ ሰባኪ ሆነው ነው የኖሩት። ሥልጣናቸውን በሌሊት የተነጠቁ ሰው ናቸው፤ ቂም ቢይዙ የሚፈርድባቸው አልነበረም።

ተቃዋሚ አሸንፎ ያውቃል?

አዎ። በኦክቶበር 2020 ዌቭል ራምካላዋን፣ የአንግሊካን ቄስ፣ በስድስተኛ ሙከራቸው 54.9 ከመቶ አግኝተው አሸነፉ። ከ1977 ወዲህ ሥልጣን ከአንድ ፓርቲ ወደ ሌላ በሰላም ሲተላለፍ የመጀመሪያው ነው። በ2025 ደግሞ የቀድሞው ገዥ ፓርቲ በፓትሪክ ኤርሚኒ መሪነት በሁለተኛ ዙር ተመልሶ አሸነፈ። ጁን 29 ግን አልተነካም። ሁለት ጊዜ መንግሥት ተቀይሮ በዓሉ ሲጸና ማየት ለእኔ ትልቁ ምልክት ነው።

ቀኑ እንዴት ይከበራል?

ትልቁ ዝግጅት የሠራዊት፣ የፖሊስና የወጣቶች ሰልፍ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ሰላምታ ይቀበላሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ ምግብ ነው። የተጠበሰ ዓሣ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ካሪ፣ የዳቦ ፍሬ። የዳቦ ፍሬን የበላ እንግዳ አንድ ቀን ወደ ሲሸልስ ይመለሳል ይላሉ። በመጨረሻ ላዶብ የሚሉት ጣፋጭ ይቀርባል፤ ሙዝ በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ።

ሲሸልሳዊ ጓደኛ ወይም የሥራ ባልደረባ አለኝ። "እንኳን አደረሰህ" ልበለው?

ጁን 29 ላይ ያለ ሐሳብ በሉት። በክሪዮል "ቦን ፌት" ትሉታላችሁ፤ መልካም በዓል ማለት ነው። ደስ ይለዋል፤ ካርታ ላይ አገሩን ፈልጎ የሚያገኝ ሰው እንኳ ብዙ አያጋጥመውም። ጁን 18 ላይም ምንም ችግር የለውም። ጁን 5 ላይ ግን መልእክት ከመላካችሁ በፊት ቤተሰቡ በ1977 የት እንደነበረ እወቁ። የማታውቁ ከሆነ ዝም በሉ፤ ማውራት ከፈለገ እሱ ይጀምረው።